የሚቀብረን ቅሬ ልጆቻችንንም ያሳድግ

በሰሜን ሸዋ፣ ይፋት፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ ሰው ሲሞት ማንም ማንንም አይለምንም። ጥሪው ከደረሰ ድንኳን ይተከላል፤ ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ መቃብር ይወርዳል፤ ሴቱ እንጀራውን፣ ውኃውንና እንጨቱን ተከፋፍሎ ይይዛል። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቅሬ (ዕድር) አሠራሩ ያው ነው፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። በክፉ ቀን ቢሮ ሲዘጋ ቅሬ አይዘጋም። ይፋት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተደራጀ ኃይል አላውቅም።

ይህን የሚያህል ጉልበት ግን የምናወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሕፃን ከተወለደበት ቀን እስከ ስድስተኛ ዓመቱ፣ አጥንቱ፣ አእምሮውና አንደበቱ በሚሠሩበት ጊዜ፣ ከእናቱና ከታላቅ እህቱ በቀር የሚደርስለት የለም። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ የቀወት ቅሬዎች ተባብረው፣ ከአካባቢው ድንጋይና አፈር፣ በአካባቢው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ለሕፃናትና ለቤተሰብ የሚሆን ቤት ይሥሩ። የመጀመሪያውን በዚህ ዓመት እንጀምር።

ለምን የሚል ሰው ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ሽንኩርት ማሳዎቹ ይውረድ። በቀን ሥራ ከሚያርሙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሕፃኑ ከማሳው ዳር ባለች ግራር ሥር ነጠላ ላይ ይተኛል፤ አጠገቡ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆናት እህቱ ተቀምጣ በቅጠል ዝንብ ትከላከልለታለች። ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላው ይሸሻል፤ ልጅቱ ነጠላውን ከነሕፃኑ እየጎተተች ጥላውን ትከተላለች። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ግንዱ ሥር ተሰብስቦ ለሁለት አይበቃም፤ ያኔ ሕፃኑን አዝላ ትቆማለች። ከጎን ባለው ማሳ መርጫ ያዘለ ወጣት ሽንኩርቱን መድኃኒት ይረጫል። እናትየው ቀና ብላ ነፋሱ ወዴት እንደሚያመጣው ታያለች፤ ከዚያ ተመልሳ ጎንበስ ትላለች፤ የቀኑ ገንዘብ ያስፈልጋታልና። የልጅቱ ደብተር ቤት ውሏል። በአንዲት ግራር ሥር የሁለት ልጆች ዕድል እያለፈ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። መልካም ሐሳብ ነው፤ አራሚዋ እናት ጋ ግን አይደርስም። አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የቀዳማይ ልጅነት ዕድገትን ጉዳዬ ብላ ማቆያና መጫወቻ ስፍራ ስታስፋፋ፣ ወላጆችን ቤት ለቤት የሚያማክሩ ሠራተኞች ስታሰማራ አይተናል። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲኖር ደንግጓል። እኛ ጋ ይህ ሲደርስ በብዙ ቦታ መልኩ የታወቀ ነው፦ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል፣ ለትልቅ ልጅ የተሠራ ዴስክ፣ እግራቸው መሬት የማይነካ ሕፃናት። ከአምስት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል እዚያ ውስጥ ማስተማርም መማርም አይቻልም።

በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው መቀንጨሩን አሳይቷል፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ 41 በመቶ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ቃል ተገብቷል፤ እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች የሚቀነጭር ሕፃን እንዳይኖር። የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው። ማሾ አምርተን ለውጭ ገበያ የምንሸጥ፣ ማንጎና ፓፓያ ከጓሯችን የምንለቅም ሰዎች ነን፤ ይህን ሁሉ ይዘን የልጆቻችን ቁመት ሊያጥር አይገባም ነበር። ችግሩ የእህል ብቻ አይደለም። ሕፃኑ በቀን ስንቴ እንደሚበላ፣ ማን እጁን አጥቦ እንደሚያበላው፣ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሲያተኩሰው ማን እንደሚያየው ጭምር ነው። እናት ማሳ ስትውል ይህ ሁሉ በስምንት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ቤቱ እንዴት ያለ ይሁን? እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ ልናገር፤ የተሳሳተ ቤት ከመሥራት አለመሥራት የሚሻልበት ጊዜ አለና።

መጀመሪያ ዛፉ ይመረጥ። ሾላ ይሁን፣ ዋንዛ ይሁን፣ ሮቃ ይሁን፣ ትልቅ ጥላ ያለው የቆመ ዛፍ ፈልገን ቤቱን በእሱ ዙሪያ እንቀይስ። ቦታ ተሰጠ ሲባል ዶዘር ገብቶ ዛፉን ነቅሎ ሜዳ ካደረገ በኋላ ችግኝ መትከል ልማድ ሆኖብናል። ሃምሳ ዓመት የቆየ ሾላ የሚሰጠውን ጥላ በገንዘብ የሚገዛ የለም። አያቶቻችን ፊደልም ቁርአንም የቆጠሩት በዛፍ ሥር ነው፤ በአንዱ ጥላ ሥር የፊደል ገበታ፣ በሌላው ሥር ሉህ ይዘው። ዛፉ ከተመረጠ በኋላ ከወንዝ ያለው ርቀት ይታይ። የሮቢ ወንዝ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደጋ በጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። የትኛው መሬት ውኃ እንደሚገባው፣ ነፋሱ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነሣ የሚያውቁት በዚያው መንደር ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ መሐንዲሱ ከመለካቱ በፊት እነሱን ይጠይቅ።

ፀሐይዋን እንወቅ። ከተማችን ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የቀትር ፀሐይ በአናታችን ልክ ትቆማለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሰሜን በኩል ዘንበል ትላለች። ስለዚህ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ ጠባብ ጎኖቹ ብቻ የጧትና የማታ ፀሐይ ይምታቸው፤ በረንዳው በደቡብም በሰሜንም ሰፊ ይሁን። ደብረ ብርሃን ላይ የሚያሞቅ ንድፍ እዚህ ያፍናል። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የመጣ ፕላን አንቀበል።

ጣሪያው የሁሉም ራስ ምታት ነው። ቆርቆሮን መተው አንችልም፤ ርካሽ ነው፣ ዝናብ ይይዛል። ግን ከቆርቆሮ ጋር መኖር ይቻላል። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ የምትባል መንደር አለች። ከእኛ ቆላ የማይተናነስ ሙቀት አለባት። የመንደሯ ልጅ ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ጀርመን ሄዶ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ሲማር ለመንደሩ ትምህርት ቤት ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ ከተጨመረበት ከመንደሩ አፈር በተጨመቀ ብሎኬት ነው። ከክፍሉ በላይ ክፍተት እየተተወ የተደረደረ የሸክላ ኮርኒስ አለ፤ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ብዙ ከፍ ብሎ በብረት ላይ ተዘርግቷል። ነፋስ በሁለቱ መካከል ያልፋል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጆቹ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ይማራሉ። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ ተሸከሙ፤ ሴቶች ውኃ ቀዱ፣ ወለል ደለደሉ። ያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን ሽልማት አገኘ፤ ኬሬም እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ሕንፃን ትልቁን ሽልማት ፕሪትዝከርን የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ጋንዶ ያላትና ቀወት የሌላት ነገር ምንድን ነው? አፈር አለን፣ ቆርቆሮ አለን፣ ብረት በያጅ አለን፣ ሕዝብ አለን።

ግድግዳው ላይ ግን ከጋንዶ የበለጠ መጠንቀቅ አለብን፤ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራቆሬም ብዙ ቤት ወድቆባታል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዛሬም ያስታውሱታል። በ2017 ዓ.ም. ከአፋር ከፈንታሌና ከዱለቻ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ እኛ ቤት ያለው ብርጭቆ ሁሉ ተንኳኳ። ሕፃናት የሚተኙበት ቤት በዚህ ምድር ላይ ዝም ብሎ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይካብም። መሠረቱ መረሬውን አልፎ ጠጣር መሬት ላይ ይረፍ፤ ግድግዳው አንድ ፎቅ ብቻ፣ ማዕዘኖቹ የታሠሩ፣ ከላይ ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም የሚሉት የኮንክሪት መቀነት የዞረበት ይሁን። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ላስታ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፤ ስንት መቶ ዓመት ቆሟል። የአርጎባ ሰዎች በሾንኬ የሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች ቀን ቀዝቃዛ ሆነው ይውላሉ። የይፋት ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ ከመካከለኛው ዘመን የኢፋት ከተሞች ጀምሮ ያለ ሙያተኛ ነው፤ ኖራ የተባለችው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ምስክር ነው። ያ እጅ ዛሬም አለ። እሱ ድንጋዩን፣ መሐንዲሱ ማሠሪያውን ይዞ ይገናኙ።

ውኃ ለሁሉም ነገር ያስፈልጋል፤ የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ወርዶ ታንከር ይሙላ። ታንከሩ ግን ጥብቅ ክዳን ይኑረው፣ መግቢያው በወንፊት ይሸፈን። ወባን ለሸዋ ሮቢት ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ በዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት አገራችን የገባች፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ በአዋሽ ሰባትም በባቲም ተገኝታለች። ለልጆች ብለን ያስቀመጥነው ውኃ በሽታ አያፍራ። መስኮቶቹ የወንፊት ሽቦ ይኑራቸው፤ የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ቆሞ አይደር፣ ወደ ፓፓያውና ወደ ሽፈራው ሥር ይሂድ። ፓፓያ፣ ማንጎና ሽፈራው ጓሮው ውስጥ ካሉ ከማሾና ከማሽላ ጋር ተመጥነው ለሕፃናቱ ምግብ ይሆናሉ።

ተፈጥሮ ስንል ደግሞ በጭፍን አይሁን። ቆላ ነው፤ ጊንጥ አለ፣ እባብ አለ። የድንጋይ ክምር ከቤቱ አጠገብ አይተው፤ የግንቡ ስንጥቅ ይመረግ፣ ሣሩ ይታጨድ። ቅንጭብ ለአጥር ይመቻል፤ ወተቱ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ከዚህ ግቢ ይራቅ። ጉሎና አስተናግርም እንዲሁ፤ ፍሬያቸው መርዝ ነው፣ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል።

መጫወቻ እንገዛለን ብሎ የሚጨነቅ ካለ ይተወው። ልጆቻችን ከጭቃ በሬና ሞፈር የሚሠሩ፣ በጠጠር ቅልብልቦሽ የሚጫወቱ፣ አፈር ላይ ሰኞ ማክሰኞ የሚያሰምሩ ናቸው። ከወንዝ የመጣ ንጹሕ አሸዋ ጥላ ሥር ይፍሰስ፤ የሸክላ አፈር የሚቦካበት ጉድጓድ ይኑር፤ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የገበጣ ጉድጓዶች ይቆፈሩ። ገበጣ የሚጫወት የአምስት ዓመት ልጅ መደመርና መቀነስ እየተማረ ነው። መስኮቱ ዝቅ ይበል፤ ልጁ ቆሞ የጣርማበርን ተራራ፣ ዝናቡ ከደጋ ሲመጣ ይይ። መጸዳጃው በልጅ ልክ ይሠራ።

የቤተሰብ ቤት ያልኩትም በምክንያት ነው። ማቆያ ብቻ ከሆነ ልጅ ማስቀመጫ ይሆናል። በረንዳው ላይ አያቶች የሚቀመጡበት መደብ ይኑር፤ ተረትና እንቆቅልሽ በእነሱ አፍ ነው ያለው፤ አርጎብኛ የሚያውቁ ካሉ በልጆች ጆሮ እንዲያሰሙት፣ ኦሮምኛና አፋርኛውም አብሮ ይሰማ። አንድ ክፍል ለሚያጠቡ እናቶች ይሁን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየወሩ መጥታ ሕፃናቱን እዚያው ትመዝን። አባቶችም ይምጡ። ልጅ ማጠብና ማብላት የእናት ሥራ ብቻ ተደርጎ የኖረው ይበቃል። ግድግዳ ሲመርግ የዋለ አባት ልጁ በዚያ ቤት ምን እንደሚማር ለማወቅ ቅርብ ነው።

"ሰላም ይሁንና እንሠራለን" የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ድምፁ ከሐዘን የመጣ ነው፤ አልንቀውም። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ስትቃጠል አይተናል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቷል፤ ከዚያም ወዲህ ተኩስ የለመዱ ጆሮዎች አሉን። ግን በዚያ ኅዳር የተወለደ ልጅ አልጠበቀንም፤ ድኾ፣ ቆሞ፣ አፉን ፈትቷል። በጣሊያን አገር ሬጆ ኤሚሊያ በምትባል ከተማ አጠገብ ቪላ ቼላ የሚባል መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ባበቃ በቀናት ውስጥ መንደርተኞቹ ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት ካሚዮኖችና ፈረሶች ሸጡ። በገንዘቡ ምን እንሥራ ብለው ተማከሩና የሕፃናት ትምህርት ቤት አሉ። አንድ ገበሬ መሬት ሰጠ፤ አሸዋ ከወንዝ አወጡ፤ ሴቶቹ ከፈረሱት ቤቶች ጡብ እየለቀሙ አጸዱ። ሎሪስ ማላጉዚ የሚባል ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በቢስክሌት መጣ፤ አይቶም ዕድሜውን ለዚያ ሥራ ሰጠ። ዛሬ ዓለም የሕፃናት ትምህርት ለማየት ወደዚያች ከተማ ይጎርፋል። ያ ሕዝብ ሰላሙ እስኪጸና አልተቀመጠም።

ከክልላችንም ምስክር አለ። በደቡብ ጎንደር የአውራምባ ማኅበረሰብ መሥራቹን ዙምራ ኑሩን ይዞ ከባዶ ሲነሣ ሀብታም አልነበረም፤ ሸማ እየሸመነ፣ እያረሰ፣ ለሕፃናቱ መማሪያ፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ማረፊያ በራሱ ሠራ።

"መንግሥት ይሥራው" የሚልም አለ። ይሥራ፤ ግዴታው ነው። መሬቱን በሕግ ካርታ ያስይዝ፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሞግዚቶችንና አስተማሪዎችን አሠልጥኖ ደመወዝ ይክፈል፤ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ክትትሉን ይውሰድ። ይህን በየስብሰባው ሳንታክት እንጠይቃለን። ነገር ግን ቤቱ የእኛ እጅ ያረፈበት ከሆነ ማንም ቀምቶ መጋዘን ወይም ካምፕ አያደርገውም። ሰው የራሱን ላብ ያፈሰሰበትን ይጠብቃል።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይያዝ። የቅሬ ዳኞች፣ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ ይህን አንድ አጀንዳ አድርጋችሁ አቅርቡ፤ ከየቅሬው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ይመረጡና አንድ ላይ ይቀመጡ። ሴቶቹን ለቁጥር አትምረጧቸው፤ ልጅ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚታመም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቀሳውስትና ሼኾቻችን፣ ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ ቃሉን አድርሱልን፤ በሁለቱም አንደበት ከተነገረ ቀወት ይነሣል። የሽንኩርትና የማሾ አምራቾች፣ ከምርታችሁ ጥቂት ለቆርቆሮና ለብረት አውጡ፤ የሚያርሙላችሁ እናቶች ልጆች ናቸው የሚገቡበት። ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ በያጆች፣ የቀን ሥራችሁን እንደምትተዉ አናስብም፤ በወር ሁለት ቀን ስጡን፣ አጠገባችሁም ሁለት ሥራ ፈት ወጣት መድቡና ሙያ አስይዟቸው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ጣርማበርን ውረዱ፤ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ አፈራችንን መርምሩ፣ ማሠሪያውን አስሉልን። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የይፋት ልጆች፣ ገንዘብ ስትልኩ ደረሰኝና የሥራ ሪፖርት ጠይቁ፤ የምንፈልገው ቁጥጥራችሁን ጭምር ነው።

ጊዜውም ይወሰን። ቦታውና ዛፉ እስከ ሰኔ ይመረጡ። ሐምሌ ላይ የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ሲታደል የቀወት ድርሻ ከፊሉ ወደዚያ ግቢ ይሂድ፤ ዋንዛ፣ ሽፈራው፣ ማንጎ ይተከል፣ እያንዳንዱም ችግኝ ኃላፊ ይመደብለት። የማሽላው አጨዳ እንዳለቀ ድንጋይ ማጋዝ ይጀመር፤ ግመልና ጋሪ ያለው ይምጣ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መሠረቱና ግድግዳው ይውጣ፤ በልግ ሳይጥል ጣሪያው ይልበስ። ደቦው የሚወጣበትን ቀን የየቅሬው ጸሐፊ በመዝገብ ይያዝ፤ የቀረ እንደማንኛውም የቅሬ ሥራ ይቀጣ። በዚህ ሳምንት የቅሬያችሁን ጸሐፊ ፈልጉና ስማችሁን፣ ሙያችሁን፣ የምትሰጡትን ቀን አስመዝግቡ።